አምስት ሌሊት በጣና ዳር

ታኅሣሥ ሲገባ የፎገራ መንደሮች ሰው ይሳሳባቸዋል። ገበሬው ልጆቹን፣ ከብቶቹንና ውሻውን ይዞ ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳል። ሐይቁ ዳር ሸራ ወጥሮ፣ ዳስ ጥሎ ያድራል። ምክንያቱ ሽምብራው ነው። እሸት የያዘ ሽምብራ ጠባቂ ከሌለው ባለቤቱ ሳይቀምሰው ያልቃል። ቀን ከብትና መንገደኛ፣ ሌሊት ደግሞ ጉማሬ ይበላዋል።

እኛ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ነን። ሁለት ነን። በዚያ ሳምንት ወደ መማሪያው ዳስ ስንሄድ ከሃያ ሁለት ተማሪዎቻችን የመጡት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

«የቀሩት የት ሄዱ?» ብለን ጠየቅን።

«ባሕር ሸሽ ወርደዋል» አሉን።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሽምብራው ሲሰበሰብ ነዋ!»

ሽምብራው እስኪሰበሰብ አንድ ወር ይሄዳል። አዲስ ማንበብ የጀመረ ሰው አንድ ወር ሙሉ ፊደል ካላየ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ስለዚህ ተመካከርን። በጎረቤት ጣቢያ የሚያስተምረው ጓደኛችን ዘጠኙን እንዲይዝልን ለመንነው። ጥቁር ሰሌዳችንንና ድንኳናችንን በአህያ ጫንን። ተማሪዎቻችንን ተከትለን ወደ ሐይቁ ወረድን።

ባሕር ሸሽ ምንድን ነው?

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ወንዞች ይገቡበታል። ዋናዎቹ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። በተፈጥሮ ከእርሱ የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ዓባይ ነው።

በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሲመጡ ሐይቁ ከፍ ይላል። ክረምቱ አልቆ መስከረም ሲገባ ሙላቱ ይበረታል። የፎገራ ዳርቻ ሜዳ ነው። ስለዚህ ውሃው ጥቂት ከፍ ሲል ብዙ መሬት ይሸፍናል። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ውሃው ቀስ በቀስ ይሸሻል። ሲሸሽ ርጥብ ጥቁር አፈር ትቶ ይሄዳል። ይህ መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል። ሽምብራና ጓያ ያለ ዝናብ፣ በዚህ ርጥበት ብቻ ይበቅሉበታል። (ጓያን ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ አድርጎ መብላት እግርን እንደሚያሽመደምድ አንዘንጋ። ከሌላ እህል ጋር እየቀላቀሉ፣ መጠኑን እያሳነሱ መብላት ይሻላል።)

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከሩቅ አረንጓዴ ሜዳ የሚመስል ነገር ውሃው ላይ ተንሳፎ አየን። እንቦጭ ነው። እንቦጭ በጣና ላይ መታየት ከጀመረ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ገበሬው በእጁ እየነቀለ ሲታገለው ቆይቷል። ነፋስ ሲነሣ ከዳር ዳር ይሄዳል። የዓሣ አስጋሪውን ታንኳ ያግዳል፤ ለወባ ትንኝና ለቀንድ አውጣም መጠለያ ይሆናል።

«ይህ እኮ የጉማሬ በር ነው»

የተቀበለን አንድ የተማሪያችን ቤተሰብ ነው። አያት፣ አባወራው፣ እማወራዋ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጅና የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አሉ። አራት ከብት፣ አንድ አህያና አንበሴ የሚባል ውሻ አብረው ወርደዋል። ተማሪያችን እማወራዋ ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። እርሳቸው ደግሞ በዕድሜ ልጆቻቸው ባንሆንም «ልጆቼ» ይሉናል።

እኛ የከተማ ልጆች ነን። ድንኳን የሚተከልበት ጥሩ ቦታ ያገኘን መሰለን። ቦታው ለውሃው ቅርብ ነው። ሣሩ ተረጋግጦ አልጋ መስሏል። ወደ ውሃው የሚወስድ ንጹሕ መንገድም አለው። ችካላችንን መትተን ገመዱን ወጠርን። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው መጡ። ዝም ብለው አዩን።

«ልጆቼ፣ እዚህ ልታድሩ ነው?» አሉ።

«አዎ አባባ። ቦታው ለጥ ያለ ነው።»

«ማን ለጥ እንዳደረገው ታውቃላችሁ? ይህ እኮ የጉማሬ በር ነው!»

ጎንበስ ብለው አሳዩን። መንገዱ ሁለት ቦይ አለው፤ በመሐሉ ሣር ቆሟል። የግራና የቀኝ እግሩ የረገጠበት ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል። ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር ይበላል። በለመደው መንገድ ወጥቶ በለመደው መንገድ ይመለሳል። በእርሱና በውሃው መካከል የቆመ ነገር ካገኘ ይደነግጣል። ሲደነግጥ ደግሞ ወደ ውሃው ይሮጣል፤ ፊቱ ያለውን አይምርም።

ችካላችንን ነቅለን ከውሃው ርቀን፣ ከፍ ወዳለው ስፍራ፣ ከቤተሰቡ ሸራ አጠገብ ተከልን። ሽማግሌው ከሸራው ፊት እሳት አነደዱ። እኩለ ሌሊት ላይ አንበሴ ጩኸቱን አቀለጠው። እንቅልፍ ስለነሣን «ዝም በል!» ብለን ተቆጣነው።

«ተዉት!» አሉ ሽማግሌው ከሸራው ውስጥ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል። እራታችሁን አካፍላችሁት የለ?»

ያን ጊዜ ከታች ከባድ እርምጃ ሰማን። ሣር ሲነጭም ተሰማን። ትንፋሻችንን ዋጥን። ጠዋት ወርደን ስናይ ችካል የመታንባቸው አራት ጉድጓዶች በጉማሬ ኮቴ ተደፍነዋል። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም። ልናስተምር ነበር የወረድነው፤ የመጀመሪያውን ትምህርት የተማርነው ግን እኛ ነን።

ትምህርት ከሾላው ሥር

ሰሌዳችንን ከአንድ ሾላ ዛፍ ጋር አስደገፍን። ትምህርቱን ከዓሥር ሰዓት በኋላ አደረግነው፤ ያኔ ከብቱ ረግቶ ሰው ዕረፍት ያገኛል። በየሸራው ያሉ ተማሪዎቻችን መጡ። ዓሣ አስጋሪዎችም የደንገል ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው፣ እንዲደርቅ አቁመው፣ ሊሰሙ ተቀመጡ። የደንገል ታንኳ ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፤ በየጊዜው ካልደረቀ አይንሳፈፍም።

ሽማግሌው መጀመሪያ ራቅ ብለው ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ቀረብ አሉ።

«እኔ ያልተማርኩ እንዳልመስላችሁ» አሉን። «በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ተምሬ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የሚነበብ ነገር እጄ አልገባም። ፊደሉ እንደዚህ ውሃ ቀስ እያለ ሸሸኝ።»

የምስክር ወረቀታቸው እስከ ዛሬ በሣጥን ውስጥ አለ። ማንበብ የማይችሉት የገዛ ወረቀታቸውን ነው። ይህን ሲሉ አልሣቁም። እኛም ይህ ጋዜጣ በየሳምንቱ ለምን እንደሚወጣ ከዚያ ቀን በላይ ገብቶን አያውቅም።

የሰሌዳው የዕለቱ ቃል «ውሃ» ነበር። ቃሉን ካነበብን በኋላ ተወያየን። የሐይቁ ውሃ ለዓይን ንጹሕ ይመስላል። ከብት ይጠጣዋል፤ ልብስ ይታጠብበታል፤ ሰውም ዳሩ ላይ ይጸዳዳል። በሽታውን ዓይን አያየውም። ስለዚህ ሳይፈላ አይጠጣ አልን።

አባወራው ተቃወሙ። «አባቶቻችን ይህንኑ ጠጥተው አርጅተዋል።»

«አንተ ያረጁትን ነው የምታየው» አሉ እትዬ። «በልጅነት የሞቱትን ማን ቆጠረ?»

ጸጥታ ሆነ። አባወራው ግን አልተረቱም። «እሺ፣ ኩበቱስ? ለእራት እንኳ አይበቃም። ውሃ እያፈላሁ ልጨርሰው?» አሉ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። በዚያ ሜዳ እንጨት የለም። ኩበት ነው የሚነደው። እኛ መልስ አጣን። መልሱን የሰጡት እትዬ ናቸው። ወጡ ከወረደ በኋላ ፍሙ ገና ትኩስ ነው። ድስቱን ያኔ ጥደው፣ ጥቂት ኩበት ጨምረው ቢያፈሉት፣ በአንድ እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል። ከዚያን ማታ ጀምሮ እንዲሁ አደረጉ። ውሃው ፈልቶ ሲንተከተክ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ያቆዩታል። ከዚያ ከድነው ያሳድሩታል። አባወራው ግን ከሐይቁ መጠጣቱን አልተዉም።

አራተኛው ሌሊት

በአራተኛው ቀን ትንሿ ልጅ ከወንድሟ ጋር ጥጃ ጥበቃ ውላ ነበር። ጥጆቹ ሲጠጡ እርሷም በእጇ እየጨለፈች ከሐይቁ ስትጠጣ አይቷታል። ማታ ተቅማጥ ያዛት። እኩለ ሌሊት ሲሆን ስድስት ጊዜ ወጥታለች። ዓይኗ ጎደጎደ። አፏ ደረቀ። ስታለቅስ እንባ አልወጣትም።

ጤና ኬላው በእግር ሁለት ሰዓት ይርቃል። መንገዱ በጉማሬ መውጫ በኩል ነው። በዚያ ሰዓት መሄድ አይቻልም።

እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። በክትባት ቀን ከጤና ኬላ የተሰጣቸውን ሁለት የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት አወጡ። አንዱን ወደ ባትሪው መብራት አቀረቡት።

«ለመምህሮቹ ስጫቸው፣ ያንብቡት!» አሉ አባወራው። «ልጅቱ እኮ ልትሞትብን ነው!»

«ነገ እነርሱ ሲሄዱ ማን ያነብልኛል?» አሉ እትዬ። ዓይናቸውን ከጽሑፉ አልነቀሉም።

እውነቱን እንናገር። ከረጢቱን ከእጃቸው ልንቀማ ቃጥቶን ነበር። በትከሻቸው በኩል አየነው። ቢሳሳቱ ወዲያው እናርማለን ብለን ታገሥን።

«ሙ…ሉ…ውን» አሉ። «ሙሉውን። በ…አንድ… ሊ…ት…ር። በአንድ ሊትር። የ…ፈ…ላ። የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ።»

አንብበው ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። «አምና ለወንዱ ልጅ በአንድ ሲኒ ነበር የበጠበጥኩት። ጨው ሆኖበት ተፋው። እኔ መድኃኒቱ አልስማማው ብሎ ነው ብዬ ነበር።»

ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰውም ይሳሳተዋል። ዱቄቱ በጥቂት ውሃ ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ ይበዛል። ተቅማጡን ሊያብሰው፣ ልጁንም ሊጎዳው ይችላል። ውሃው በጣም ከበዛ ደግሞ አይረዳም። መጠኑ የተጻፈው ለዚህ ነው።

«አንድ ሊትር ስንት ነው? በምን እንለካለን?» አሉ አባወራው።

ወንዱ ልጅ ተነሥቶ ሮጠ። ባዶ ሃይላንድ ይዞ መጣ። «እዚህ ላይ ተጽፏል! አንድ ሊትር ይላል!» አለ። እውነቱን ነው፤ በፕላስቲኩ ላይ 1 ሊትር የሚል አለ። ሃይላንዱን በፈላ ውሃ አለቀለቅነው። ማታ ፈልቶ የቀዘቀዘው ውሃ ድስቱ ውስጥ ተከድኖ ነበር። ለክተው ቀዱ፤ ሙሉውን ከረጢት ጨመሩ፤ ነቀነቁ።

ልጅቱ መጀመሪያ ጠጥታ አስመለሰች። አሥር ደቂቃ ቆየን። ከዚያ በማንኪያ፣ ቀስ እየተባለ ተሰጣት። እናት ሲደክማቸው አባት፣ አባት ሲደክማቸው አያት ያዙ። አንበሴ ከሸራው አፍ ላይ ተጋድሞ አደረ። ጉማሬውም በበሩ ወጣ፤ በበሩ ተመለሰ።

ሊነጋ ሲል ልጅቱ ሸናች። ለሽንት ሰው ይህን ያህል ሲደሰት አይተን አናውቅም። ሰውነቷ ውሃ አገኘ ማለት ነውና። አይጧም ደኅና ነው፤ አንበሴን በስሙ ጠራችው።

ጎሕ ሲቀድ አባወራው ልጅቱን አዝለው ወደ ጤና ኬላ ወሰዷት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መረመረቻት። ለ10 ቀን የሚዋጥ የዚንክ ክኒን ሰጠቻት። «ማታ ምን ሰጣችኋት?» ብላ ጠየቀች። አባወራው «እናቷ አንብባ በጠበጠች» አሉ። ሲመለሱ ይህን ደጋግመው ነገሩን። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሜዳው ኩበት ለቅመው በጆንያ አመጡ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

ሐይቅ ዳር ለሚያድር ሰው

ከአምስቱ ሌሊት የተማርነውን በአጭሩ እንጻፈው። ከፊሉ ከሕዝቡ የተማርነው ነው። ከፊሉ የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ነው።

1. ከውሃው ራቅ ብለህ፣ ከፍ ያለ ስፍራ ፈልገህ ድንኳን ትከል። ሁለት ቦይ ያለው መንገድ ካየህ የጉማሬ መንገድ ነው። ሌሊት ወደ ውሃው አትውረድ።

2. ለመጠጥ የሚሆነውን ውሃ አፍላ። በንጹሕ ዕቃ ከድነህ አስቀምጥ። ጤና ኬላ የሚሰጠው የውሃ ማከሚያ ካለህ በላዩ እንደተጻፈው ተጠቀም።

3. ልጆች ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ አይጫወቱ። እዚያ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያን ትል ያራባል። ትሉ ሳይታይ በቆዳ በኩል ይገባል። የሆድ ሕመምና ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። መድኃኒት አለው።

4. ውሃ ዳር አትጸዳዳ። የቢልሃርዚያ ዕንቁላል ወደ ሐይቁ የሚገባው ከሰው ዓይነ ምድር ነው። ከውሃው ከ60 እርምጃ በላይ ርቀህ ጉድጓድ ቆፍር፤ ከተጠቀምክም በኋላ አፈር አልብሰው። እጅህን በሳሙና ወይም በአመድ ታጠብ።

5. ዳስም ሆነ ሸራ ቢሆን አጎበር ይዘህ ውረድ። የወባ ትንኝ የምትነክሰው በሌሊት ነው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ይሰጣቸው።

6. ኦ.አር.ኤስ. ሁልጊዜ ከጓዝህ አይለይ። አንዱን ከረጢት ሙሉውን በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጥ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ከረጢቱ ከሌለ፣ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምር። ጡት የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን አያቁም።

7. ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ደም ከተቀላቀለበት፣ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም ውሰደው። በመንገድም ላይ እያጠጣህ ሂድ።

የመጨረሻው ቀን

በመጨረሻው ቀን ከሾላው ሥር ተሰበሰብን። ሰሌዳው ላይ የጻፉት እኛ አይደለንም፤ እትዬ ናቸው። ከከረጢቱ እያዩ «ሙሉውን በአንድ ሊትር» ብለው ጻፉ። የ«ሙ» ቅጥል ትንሽ ወደ ላይ ሄዶባቸው ነበር። ሁሉም በየደብተሩ ገለበጠው። ደብተር የሌለው አንድ ዓሣ አስጋሪ በመዳፉ ላይ ጻፈው።

ሽማግሌው አንድ የጋዜጣችንን ቅጂ ለመኑን። ሰጠናቸው። ጣታቸውን ከፊደሉ ላይ አድርገው ቆዩ። «ጣ… ና» አሉ። ከዚያ ደግመው «ጣና» አሉና ወደ ሐይቁ ቀና ብለው አዩ።

ድንኳናችንን ስንነቅል አባወራው ገመዱን እየጠቀለሉ ረዱን። «የዛሬ ዓመት ስትመጡ የት እንደምትተክሉ ታውቃላችሁ» አሉን። እናውቃለን። በየሳምንቱም ጋዜጣውን በገበያተኛ እጅ እንልክላቸዋለን ብለን ቃል ገብተናል። ሽምብራው እስኪሰበሰብ፣ ፊደሉ እንዳይሸሽ።

ለመወያያ

ሀ. በቤታችሁ የአንድ ሊትር መለኪያ የሚሆን ምን ዕቃ አለ? ፈልጋችሁ አንብቡት።

ለ. ማገዶ በሌለበት አገር ውሃ እንዴት ማፍላት ይቻላል? እትዬ ካገኙት ዘዴ ሌላ አላችሁ?

ሐ. ከእናንተ መካከል ተምሮ የረሳ ሰው አለ? ፊደሉ እንዲመለስለት ምን ታደርጉለታላችሁ?